ነይ ሲሏት «ኔይ»፦ ከስዊድን ሐዋሳ የመጣች የ5 ዓመት ልጅ ጉዳይ

ሐዋሳ ውስጥ አፀደ ሕፃናት ሳስተምር 14 ዓመት ሞልቶኛል። ክረምት ላይና በገና ሰሞን ከውጭ አገር የመጡ ልጆች ከሰፈራችን አይጠፉም። የወላጆቻቸውም ወሬ አንድ ነው፤ «ትሰማለች፣ ግን አትናገርም።» ይህችን ልጅ ለይቼ የምጽፍባት ጎረቤቴ ቤት 4 ወር ስለቆየች፣ ነገሩንም ከመነሻው እስከ መጨረሻው በዓይኔ ስላየሁት ነው። ከተበላሹት ነገሮች አንዱ የእኔው ሐሳብ ስለነበረ ዝም ብዬ ልተወው አልፈለግኩም። ቤተሰቡ እንድጽፍ ፈቅዷል፤ ስም ግን አልጠራም።

የቤተሰቡ ሁኔታ

እናትና አባት ሁለቱም ሐዋሳ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አሁን የሚኖሩት ስቶክሆልም አቅራቢያ ነው። እሷ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ እሱ አውቶቡስ ይነዳል፣ ፈረቃው አብዛኛውን ጊዜ የማታ ነው። ያኔ የ5 ዓመት ሴት ልጅና የ9 ወር ወንድ ልጅ ነበሯቸው።

የመጡት በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ነው። ጊዜውን አስበውበታል። ስዊድን ውስጥ አንድ ልጅ ሲወለድ ለሁለቱ ወላጆች ክፍያ ያለው 480 ቀን የወላጅነት እረፍት ይሰጣል፤ እናትየው ከሕፃኑ ቀናት ቆጥባ አስቀምጣለች። ሌላው ምክንያት የትልቋ ትምህርት ነው። እዚያ ልጅ 6 ዓመት በሚሞላበት ዓመት በመኸር ወራት ትምህርት ቤት ይገባል፤ ይህ የ6 ዓመት ልጆች ክፍል ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ልጅን ለአራት ወር ከክፍል አስቀርቶ አገር ቤት መክረም ቀላል አይደለም። «ዘንድሮ ካልሆነ ሌላ ጊዜ የለም» ብለው መጡ። አባትየው የተቀላቀላቸው ለገናና ለጥምቀት ብቻ፣ ለሦስት ሳምንት ነው።

ያረፉት አያት ቤት፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከእኔ ሁለት አጥር ዝቅ ብሎ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ ይላቸዋል። ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ተከራይ ቤተሰቦች አሉ። የተከራዮቹ ልጆች ግቢ ውስጥ አማርኛ ያወራሉ፤ በር ዘግተው ሲገቡ አንዱ ቤት ሲዳምኛ፣ ሌላው ቤት ወላይትኛ ነው። ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ አይተው አይደነቁም። ይህ ኋላ ላይ ከማናችንም ብልሃት በላይ ጠቅሞናል።

ችግሩ

የመጡ ዕለት እቴቴ እጃቸውን ዘርግተው «ነይ! ነይ የኔ ቆንጆ!» አሉ። ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ሆና «ኔይ» አለች። እቴቴ በደስታ ሊሞቱ! «አያችሁ፣ እሷ ወደኔ ነይ ትለኛለች!» ብለው ሄደው ጥምጥም አሉባት። ልጅቷ ግቢው እስኪሰማ ጮኸች። «ኔይ» በስዊድንኛ «አይ፣ እንቢ» ማለት ነው። እናትየው መሃል ገብታ እስክታስረዳ ድረስ አያት ነይ፣ ልጅ ኔይ ሲባባሉ ቆዩ።

ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች። «ጫማሽን አምጪ» ሲሏት ታመጣለች፤ «ወንድምሽ ተኛ?» ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች። አፏን ስትከፍት ግን የሚወጣው ስዊድንኛ ነው። እናቷ እንደምትለው ድሮ «ውሃ»፣ «እንካ»፣ «እቀፊኝ» ትል ነበር፤ የሕፃናት መዋያ ከገባች በኋላ አንድ በአንድ ጠፋ።

መቼ መቼ አማርኛ እንደምታወራት ብጠይቃት እናትየው «ሁልጊዜ» አለችኝ። በልቧ እውነቷን ነው። ሦስት ቀን የምትናገረውን እንድትጽፍልኝ ለመንኳትና የደብተር ገጽ ለሁለት ከፍላ አመጣች። በአማርኛው በኩል ያለው ይህ ነው፦ ተነሺ፣ ነይ፣ ብይ፣ ተይ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ነግሬሻለሁ፣ ዝም በይ ሕፃኑ ተኝቷል። በስዊድንኛው በኩል ደግሞ፦ ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትሽ፣ ለምን ከፋሽ፣ ሕልም አየሽ፣ የመኝታ ሰዓት ተረት። ከታች «እዚያ ስንሆን» ብላ የጨመረችው የክረምት ልብስ ስም ነው። ለበረዶ የሚለበስ፣ ከእግር እስከ አንገት አንድ ሆኖ የተሰፋ ወፍራም ልብስ አለ። ጠዋት በጨለማ፣ አውቶቡስ ሊያመልጥ ሲል፣ ለዚህ ልብስ አማርኛ ፍለጋ ማን ይቆማል? በስዊድንኛ ጠርታ ታለብሳታለች።

ገጹን ሳይ ነገሩ ገባኝ። የዚያ ቤት አማርኛ የትእዛዝ አማርኛ ነበር። ትእዛዝ ደግሞ መልስ አይፈልግም፤ እግር ይበቃዋል። የእሑዱ የአያት ስልክም ያው ነው። ስልኩን ፊቷ ላይ ደቅነው «ሰላም በያት! ደህና ነኝ በያት! እወድሻለሁ በያት!» ይሏታል። ልጅቷ በአማርኛ አንድም ነገር ጠይቃ አታውቅም፤ መጠየቅ ያስፈለጋት ጊዜ አልነበረማ።

የመጀመሪያው ወር

ይህ ወር የስህተት ወር ነው። ዘመድ በመጣ ቁጥር ልጅቷ መሃል ትቆማለች። «እስቲ ውሃ በይ። እስቲ እቴቴን እወዳታለሁ በይ።» አጎቷ በቃል 10 ብር መስጠት ጀመረ። አንድ ቀን «ውሃ» አለችለት፤ አነጋገሯ ሰበር ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የፍቅር ሳቅ ነው፣ እኔም ስቄያለሁ። አንዷ ዘመድ በስልክ ቀርጻ «ድገሚው» አለቻት። ልጅቷ ብሩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ እንግዳ ፊት ለእናቷ እንኳ በስዊድንኛ መናገር አቆመች፤ ጆሮዋ ላይ ታንሾካሹክላት ጀመር።

እናትየው ሌላ መላ ሞከረች። አንዲት ጓደኛዋ «ያልሰማሽ ምሰዪ፤ በስዊድንኛ ስትጠይቅሽ ዝም በያት» ብላ መክራት ነበር። የተሞከረው አንድ ቀን ነው። ልጅቷ ጭማቂ ጠየቀች፤ እናት አልገባኝም አለች። ልጅቷ ትንሽ አየቻትና በስዊድንኛ «ትዋሻለሽ» አለች፤ ከዚያ ለቅሶ። የ5 ዓመት ልጅ እናቷ ስዊድንኛ እንደምታውቅ አይጠፋትም።

ሦስተኛው ስህተት የእኔ ነው። አፀደ ሕፃናት ከልጆች ጋር ብትውል ትናገራለች ብዬ ግማሽ ቀን እንድትገባ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ክፍሉ ሙሉ ነው፤ ልጆቹ ቁጭ ብለው የእንግሊዝኛ ፊደል በጋራ ይጮኻሉ። እሷ የመጣችው የ5 ዓመት ልጅ ውጭ ጭቃ ውስጥ ሲጫወት ከሚውልበት አገር ነው፤ እዚያ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። እኛ ክፍል ውስጥ ከልጆች ጋር ማውራት ደግሞ የሚያስቀጣ ነገር ነው። አማርኛ እንድታወራ ብዬ ማውራት የሚከለከልበት ቦታ አስገባኋት! በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሆዷን እያመማት ቀረች። ሥራዬን በሌላ ዓይን ያየሁት ያኔ ነው፤ እሱ ግን የራሱ ጽሑፍ ይፈልጋል።

 

ቁንጥጫው

በኅዳር ማብቂያ አንድ ማታ ልጅቷ ወንድሟን ገፋችው። እቴቴ ጭኗን ቆንጠጥ አደረጓት፤ እኛ ሁላችን ያደግንበት ቁንጥጫ። ልጅቷ ከሕመሙ ይልቅ ደነገጠች። እናቷ ጋ ሮጣ የተናገረችውን እናትየው ተረጎመችልኝ፦ «ልጅ መምታት ክልክል ነው፤ አታውቅም እንዴ?» ስዊድን ልጅን ቤት ውስጥም ቢሆን መምታትን በሕግ ከልክላለች፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ይህን በማድረግ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ልጆቹ ይህን እያወቁ ያድጋሉ።

እቴቴ ከፋቸው። «እናንተን በምን አሳደግኳችሁ? ወንጀለኛ ነኝ?» አሉ። እናትየው ከእናቷና ከልጇ መሃል ሆና አለቀሰች። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው እንደሚል እኔ አነሳሁ፤ አላዋጣም። ቡና ላይ አንቀጽ መጥቀስ ምን ይሠራል? የሠራው የእናትየው ቃል ነው። «እማዬ፣ አንቺን ከፈራች አማርኛውን ከማን ትማር?» አለቻቸው። እቴቴ መልስ አልሰጡም፤ ግን ከዚያ ወዲያ አልቆነጠጡም። ቀና ብለው ብቻ ይገላምጧታል። ግልምጫ ስዊድን ውስጥም አልተከለከለም፤ ይሠራልም።

ጉርሻውም እንዲሁ ቅሬታ ነበረው። ፊቷን ስታዞር እቴቴ እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። በኋላ ልጅቷ ራሷ አያቷን እንድታጎርስ ተደረገና ታረቁ።

የሠራው

መጀመሪያ ፈተናው ቆመ። እንግዳ ሊመጣ ሲል እናትየው በር ላይ ወጥታ «በይ አትበሏት፣ አትሳቁ» ትላለች። አጎትየው ትልቅ ሰው ተከልክሎ ሲያኮርፍ አየሁ፤ ለሁለት ሳምንት ቀረ። ዋጋ ነበረው ለማለት ነው።

ሁለተኛው ማንም ያላቀደው ነው። የግቢው ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ድብብቆሽ ይጫወታሉ። ፈላጊው ዓይኑን ሸፍኖ «ኩኩሉ!» ሲል የተደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ «ነጋ!» ይባልና ፍለጋ ይጀመራል። እሷ ትደበቃለች፣ ግን ዝም ናት። ገና ግማሽ አካሏ ከሮቶው ኋላ ወጥቶ ሳለ ፈላጊው መጥቶ ይይዛታል። በየቀኑ መጀመሪያ የምትያዘው እሷ ነበረች። ማንም አላባበላትም፣ ማንም አላዘነላትም። የ8 ዓመቷ የተከራይ ልጅ ብቻ ወገቧን ይዛ አስረዳቻት፦ «አልነጋም ካላልሽ እኮ ነግቷል።»

ከቀናት በኋላ እኔ ልብስ እያሰጣሁ ከእቴቴ ግቢ አንድ የማላውቀው ድምፅ «አልነጋም!» ሲል ሰማሁ። አጥሩ ላይ ተንጠራርቼ አየሁ። ከሮቶው ኋላ ነው። ደግማ «አልነጋም!» አለች። ሁሉም ተደብቀው ካለቁም በኋላ አላቆመችም፤ ፈላጊው እስኪሰለች «አልነጋም» ስትል ልጆቹ ተቆጡ። «እሷ ጨዋታ አታውቅም፣ አታስነጋም» ብለው ለእቴቴ ከሰሷት። እቴቴ ደግሞ ከሳሾቹን ፈንዲሻ አበሏቸው።

ሦስተኛው የቡና ጥሪ ነው። እኛ ዘንድ ጎረቤት ቡና የሚጠራው ልጅ ነው። ይህን ሥራ ለእሷ ሰጠናት፤ እኔ የማምንበት ሐሳቤ ይሄኛው ነው። የመጀመሪያው መልእክት ሦስት በር አልፈው ለሚኖሩ ጡረተኛ አዛውንት ነበር። ከኋላዋ ተከተልኩ። ሰውየው ጋቢ ለብሰው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ልጅቷ በሩን ተደግፋ ቆየችና «ነይ ቡና» አለቻቸው።

ሴትም አደረገቻቸው፣ ልጅም አደረገቻቸው። አዛውንቱ አልሳቁም። የመጡ ዕለት የሆነውን ሰምተው ኖሮ ሬዲዮውን ቀነስ አድርገው «ነይ ነው ኔይ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ ሳቅ አመለጣት፤ «ነይ!» አለች። «እሺ መጣሁ። ‹ይምጡ ቡና ጠጡ› ብለው ላኩሽ አይደል?» አሏት። «አዎ» አለች። በማግስቱ «ይምጡ ነይ ቡና» ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ «ይምጡ ቡና» ቻለች።

ለምን «ነይ» አለች? ስዊድንኛ ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለሽማግሌም «አንተ» የሚለው በአንድ ቃል ነው። ከዚያ በላይ ግን ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው አማርኛ ለእሷ የተነገረውን ብቻ ነው። ለእሷ የመምጣት ስሙ «ነይ» ነው። ለወንድሟም «ነይ» ነበር የምትለው። አላረምናትም፤ ትክክለኛውን በመልሳችን ውስጥ እናስገባላታለን፣ እንደ አዛውንቱ።

እናትየው በበኩሏ የአማርኛዋን ሰዓት ቀየረች። ሐዋሳ ውስጥ ወባ አለ፤ ልጆቹ የሚተኙት አጎበር ውስጥ ነው። ማታ መብራት ጠፍቶ እናትየው አጎበሩ ውስጥ ገብታ የራሷን ውሎ ታወራለች። ጥያቄ የለም፣ በይ የለም። «ዛሬ ገበያ ሄጄ ባጃጁ መልስ የለኝም አለኝ...» እያለች ትቀጥላለች። አንድ ማታ ወሬውን ሳትጨርስ ድካም አሸነፋትና ዝም አለች። ከጎኗ «ከዚያስ?» የሚል ድምፅ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ይህን ልትነግረኝ በነጠላ ጫማ መጣች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ይወርዳሉ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች «ይሄ ቆሮሶ፣ ያኛው አምባዛ» አሏት። አባ ኮዳው ከእሷ በቁመት የሚበልጥ መላጣ ወፍ ነው፤ የተወረወረለትን አንጀት ሲውጥ እናቷ ላይ ተሰቀለች። አባቷ ሲደውል «ቆሮሶ በላሁ፣ አባ ኮዳ አንጀት በላ» አለችው። ለእነዚህ ስዊድንኛ አልነበራትም፤ ለበረዶው ልብስ አማርኛ እንዳልነበራት ሁሉ። ቃሉ የመጣው ከነገሩ ጋር ነው።

ለሌላ ቤተሰብ የሚተርፈው

አራት ወር አገር ቤት መክረም ለብዙ ሰው አይሆንም። የግቢ ልጆችም በሻንጣ አይሄዱም። ገጽ ለሁለት ከፍሎ ሦስት ቀን መጻፍ ግን የትም ይቻላል፤ እኔ ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ውሰዱ ብባል ይህን እሰጣለሁ። አማርኛው ሁሉ «ተይ» እና «ነይ» ከሆነ ልጁ ለምን እንደማይናገር ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

«በያት፣ በለው» የሚባለውን ማቆም ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የምናደርገው በፍቅር ነው። በምትኩ ንግግር ራሱ ሥራ የሆነበት ነገር ይፈለግ። ውጭ አገር ጎረቤት ቡና ባይጠራም አባት መኝታ ቤት አለ፤ «ሂጂና እራት ደርሷል በይው» ሌላ ነው፣ «እራት ደርሷል በይ እስቲ» ሌላ ነው። የመጀመሪያው መልእክት ነው፤ ሁለተኛው ፈተና።

ስዊድን ላሉ አንድ ነገር ልጨምር። መዋያዎች ልጁ ስዊድንኛውንም የአፍ መፍቻ ቋንቋውንም እንዲያዳብር መርዳት በሕግ አለባቸው፤ ወላጅ ቢጠይቅ አይሳሳትም። አንደኛ ደረጃ ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት አለ። ግን ቋንቋው ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚነገር፣ ልጁም መሠረታዊ ዕውቀት ያለው መሆን አለበት፤ ማዘጋጃ ቤቱ የሚገደደውም ቢያንስ 5 ተማሪና አስተማሪ ሲገኝ ነው። እናትየው «ትምህርት ቤት ስትገባ አማርኛ ያስተምሯታል» ብላ ስትጠብቅ ነበር። በሩ የሚከፈተው ግን ትንሽ ለሚያውቅ ልጅ ነው።

ከተመለሱ በኋላ

የሄዱት በየካቲት መጨረሻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ልጅቷ ስልክ አልቀርብም አለች፤ አማርኛውም ተመልሶ ጠፋ። እናትየው «የአራት ወር ልፋቴን ውሃ በላው» ብላ ጻፈችልኝ። እኔም ምን እንደምላት ጨንቆኝ ነበር።

ከዚያ እሑድን ቀየሩት። እቴቴ ቡና ሲያፈሉ ስልኩ ረከቦቱ አጠገብ ይደገፋል፤ እዚያ ደግሞ ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ትሥላለች። ማንም ማንንም አናግሪ አይልም። አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ሙሉ የሚሰማው የስኒ ድምፅ ብቻ ነው። ሰዓቱ ግን አስቸግሯል። ስዊድን በእነሱ የብርድ ወራት ከእኛ 2 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት 1 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ እቴቴ «9 ሰዓት» ሲሉ በእነሱ አቆጣጠር 1 ወይም 2 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ ቡናው ፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ጀበናው ታጥቦ ካለቀ በኋላ ደውለዋል። መብራት ጠፍቶ የተቋረጠውን አልቆጠርኩም። አንድ እሑድ ልጅቷ ሳትጠየቅ «እቴቴ፣ ጭሱ የት ይሄዳል?» አለች።

አሁንም ወንድሟን «ነይ» ነው የምትለው። ሕፃኑ አፍ ሲፈታ ስለ ራሱ «መጣች» እያለ ነው አሉ፤ ይህን ገና አልፈታነውም።

በታኅሣሥ 2017 እናትየው የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እዚያ በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው፤ እሷ ልጅ የምትቀሰቅሰው በ1 ሰዓት ነው። መልእክቱ ላይ «ተነሺ፣ ነጋ» ስትል ይሰማል። ብርድ ልብስ ውስጥ የታፈነ ድምፅ «አልነጋም!» ይላል። መጋረጃው ሲሳብ ይሰማል፤ ትንሽ ዝምታ። ከዚያ እናትየው «እውነትሽን ነው» ትላለች።